መጽናናትና መዘናጋት፤ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የወንጌል መዝሙር

ጀርባው በጅራፍ ለተተለተለ ሰው ስለ ሰማያዊ ዕረፍት የሚነግረው ዜማ ምን ያደርግለታል? ቁስሉን ይጠግንለታል ወይስ ጅራፉን ያስረሳዋል? ቁስሉ የጠገገለት ሰው ነገ ሊነሣ ይችላል፤ ጅራፉን የረሳ ሰው ግን ነገም ጀርባውን ያመቻቻል። የኪነ ጥበብን ማኅበራዊ ተግባር የመረመሩ ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ በየዘመናቸው ሲያነሡት ኖረዋል። ካርል ማርክስ በ1844 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃይማኖትን በኦፒየም የመሰለበት ቃል በየአዳራሹ ሲጠቀስ ቢኖርም፣ እዚያው አጠገቡ ሃይማኖትን እንደ ተጨቆነ ፍጡር ሲቃ አድርጎ ማየቱ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ለመሆኑ አንድ ነገር ሲቃም ማደንዘዣም ሊሆን ይችላልን? የሚችል ከሆነስ መቼ አንደኛውን፣ መቼ ሁለተኛውን እንደሚሆን የሚወስነው ምንድን ነው? ቃሉ ነው? ዜማው ነው? ወይስ ዘማሪው?

በተለምዶ ጎስፔል የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የወንጌል መዝሙር ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ነው። በአንድ በኩል አብዛኛው ቃሉ የሚናገረው ስለሚመጣው ዓለም ሲሆን፣ በሌላ በኩል ደግሞ በሃያኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ምድር ከተካሄዱት ሕዝባዊ ትግሎች ታላቁ የተካሄደው ይኸው ዜማ እየተዘመረ ነው።

የዜማው ሥር የሚገኘው በጥጥና በትምባሆ እርሻ ላይ ነው። ከ1619 ጀምሮ ወደ ቨርጂኒያ፣ ኋላም ወደ ሌሎቹ ግዛቶች የተጋዙት አፍሪካውያን ንብረታቸውንና ቤተሰባቸውን፣ ብዙ ጊዜም ስማቸውን ሳይቀር ተነጥቀዋል። አንዱ አውርዶ ብዙኃኑ የሚቀበሉት የአዘማመር ሥርዓት ግን በመርከብ ሆድ ውስጥ አልጠፋም። በ1739 በሳውዝ ካሮላይና በስቶኖ ወንዝ አጠገብ ያመፁ ባሮች ከበሮ እየመቱ መዝመታቸውን ያዩት ጌቶች፣ በ1740 ባወጡት ሕግ ከበሮና መለከት በባሪያ እጅ እንዳይገኝ ከለከሉ። ከበሮውን የተነጠቀው ሕዝብ መዳፉን፣ ጭኑንና ተረከዙን ከበሮ አደረገ። ዛሬ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ጭብጨባና የእግር ምት የዚያ ክልከላ አሻራ አለበት።

ጌቶቹ ለባሮቻቸው የመረጡላቸው ክርስትና የታዛዥነት ክርስትና ነበር። በ1807 ለብሪታንያ የካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች ባሮች ተብሎ በለንደን የታተመ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ እስራኤላውያን ከግብፅ ባርነት የወጡበት ታሪክ ጭምር ተቆርጦ የቀረበት ነበር። ቆራጮቹ አደጋው የት ላይ እንዳለ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ የነበሩት ባሮችም አብዛኞቹ ማንበብ ባይፈቀድላቸው በጆሯቸው ከደረሰው መርጠው ያዙ፤ ሙሴን በፈርዖን ፊት፣ ዳንኤልን በአንበሳ ጉድጓድ፣ ዮናስን በዓሣ ሆድ። በ1831 ናት ተርነር የተባለ ሰባኪ ባሪያ በቨርጂኒያ ዐመፅ በመራ ጊዜ፣ ብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች ያለ ነጭ ተቆጣጣሪ እንዳይሰብኩና እንዳይሰበሰቡ፣ ፊደልም እንዳይቆጥሩ ሕጋቸውን አጠበቁ። ጸሎቱ ወደ ጫካና ወደ ሸለቆ ገባ፤ በሌሊት፣ ድምፅን አፍኖ ተዘመረ።

ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ የእነዚያ መዝሙሮች አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ሰሙ ከነዓን ነው፤ ወርቁ ግን፣ ራሱ ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ መሰከረው፣ ባርነት የሌለበት ሰሜን ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ከልኩ ማሳለፍ አይገባም። በኋላ ዘመን የመጡ ጸሐፊዎች እያንዳንዱን መዝሙር የማምለጫ ካርታ፣ እያንዳንዱን ወንዝ የምሥጢር ምልክት ለማድረግ የሄዱበት መንገድ ከማስረጃ ይልቅ ምኞት የበዛበት ነው። ባሪያው ስለ ሰማይ ሲዘምር በእርግጥ ሰማይንም ይናፍቅ ነበር። ሁለተኛው ትርጉም ከመጀመሪያው አጠገብ ቆመ እንጂ አልሻረውም። ዳግላስ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1845 በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ደግሞ ሌላ ስሕተት አርሟል። ባሮች ሲዘፍኑ የሰሙ የሰሜን ሰዎች ደስተኞች ናቸው ብለው መደምደማቸው እንዳስደነቀው ገልጾ፣ ባሪያ አብዝቶ የሚዘፍነው ኀዘኑ በበዛ ቀን መሆኑን፣ ዜማውም ለልቡ እንደ እንባ መሆኑን ያስረዳል። ያለቀሰ ሰው ደግሞ ያስለቀሰውን ረሳ አይባልም።

ነጻ የነበሩት የሰሜን ጥቁሮች የራሳቸውን አጥቢያዎች ማቋቋም የጀመሩት ባርነት ከመሻሩ ብዙ ቀደም ብለው ነው። ሪቻርድ አለን በ1794 በፊላዴልፊያ ቤተ ክርስቲያን ከፈተ፤ በ1801 ለምእመናኑ የመዝሙር መጽሐፍ አሳተመ። በ1808 በኒው ዮርክ ከነጮች ተለይተው ለመቀመጥ እንቢ ያሉ ጥቁር ምእመናን የመሠረቱት አጥቢያ የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተባለ። አብዛኞቹ ያላዩዋትን አገር ስም በደጃፋቸው ላይ መጻፋቸው፣ ለእነርሱ ኢትዮጵያ የሚለው ቃል ከቦታ ስምነት አልፎ የክብር ምስክር እንደ ነበረ ያሳያል። ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላም በ1871 በናሽቪል ያለው የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ዘጠኝ ወጣት ዘማሪዎች ለትምህርት ቤታቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ ተነሡ። አብዛኞቹ ከባርነት የወጡ ሲሆኑ፣ የወላጆቻቸውን መዝሙር ለእንግዳ ጆሮ መግለጥ መጀመሪያ ከብዷቸው ነበር። የባርነትን ውርደት የሚያስታውስም፣ ቅዱስም ነበርና። ሆኖም ዘመሩት፤ በ1873 በእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ሳይቀር። ያመጡት ገንዘብ ዛሬም የቆመ ሕንጻ ሠራ። የጓዳ ሲቃ የመድረክ ጥበብ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ጎስፔል በሚለው ስም የሚታወቀው አዲሱ መዝሙር ግን የከተማ ልጅ ነው። በ1865 ባርነት ቢሻርም የደቡብ ጥቁር ገበሬ የእኩል አራሽና የዘላለም ባለ ዕዳ ሆኖ ቀረ። ከ1910ዎቹ አንሥቶ እስከ 1970 ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ደቡብን ለቀው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ተሰደዱ። በጆርጂያ በ1899 የተወለደው ቶማስ ዶርሲ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በቺካጎ በምሽት ክበቦች ፒያኖ ሲመታ፣ የታወቀችውን የብሉዝ ዘፋኝ ማ ሬይኒን ሲያጅብ፣ ጨዋ ሰው በአደባባይ የማያነሣውን ዘፈን በሸክላ ሲያስቀርጽ የኖረ ሰው ነው። ይህ ሰው የብሉዝን ስልት ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ብዙ በሮች ተዘጉበት። የተማሩት የቺካጎ ጥቁር ምእመናን የሃንዴልንና የሞዛርትን ዜማ እየዘመሩ ከደቡብ ትዝታ ለመራቅ ሲጣጣሩ፣ እርሱ ያንኑ የሸሹትን ትዝታ ፒያኖው ላይ መልሶ አስቀመጠባቸው። ጠቡ የሃይማኖት ጠብ ይምሰል እንጂ ውስጡ የመደብ ጠብ ነበር።

በነሐሴ 1932 ዶርሲ ለአገልግሎት ወደ ሴንት ሉዊስ በሄደበት ቴሌግራም ደረሰው። ሚስቱ በወሊድ ሞታለች። ሕፃኑም ብዙ አልቆየ፤ ተከትሏት ሞተ። «ውድ ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝ» የሚለውን መዝሙር የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። በመዝሙሩ ውስጥ ስለ መብት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ነጭና ጥቁር አንዳች ቃል የለም። የደከመ ሰው መሪ ይለምንበታል፤ ይኸው ብቻ ነው። ማዘናጊያ ጥበብ የሚባል ነገር ካለ፣ በቃሉ ብቻ ለሚፈርድ ሰው ይህ መዝሙር የመጀመሪያው ተከሳሽ መሆን ነበረበት።

ከሳሾችም አልጠፉም። ጆ ሂል የተባለው የሠራተኞች ገጣሚ በ1911 የታወቀ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ወስዶ፣ ለረኀብተኛ እንጀራን በሰማይ የሚቀጥሩ ሰባኪዎችን የሚያላግጥ ዘፈን አወጣ። ከዚህ የሚከብደው ግን ከቤት የመጣው ወቀሳ ነው። ራሱ ሰባኪና ምሁር የነበረው ጥቁሩ ቤንጃሚን ሜይስ በ1938 ባሳተመው ጥናት፣ የሕዝቡ መዝሙሮች የሚያሳዩት የእግዚአብሔር መልክ በአብዛኛው በዚህ ዓለም የጎደለውን በወዲያኛው የሚያካክስ መሆኑን ጽፏል። በ1967 ጋሪ ማርክስ የተባለ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ ጥቁር አሜሪካውያንን ጠይቆ ባወጣው ጽሑፍም በሃይማኖቱ የበረታው ሰው ለመብት ትግሉ ያለው ቁርጠኝነት ብዙውን ጊዜ አነስ ብሎ ተገኝቷል፤ ሃይማኖቱ ወደዚህ ዓለም ጉዳይ የሚመለከት የሆነበት ሰው ብቻ ከዚህ ውጭ ነበር። እነዚህ ግኝቶች በጎስፔል ፍቅር የሚታለፉ አይደሉም። መዝሙሩ ብቻውን ታጋይ የሚፈጥር ቢሆን ኖሮ፣ እሑድ እሑድ በሺህ አጥቢያዎች ሲዘመር የኖረው ዜማ የዘር አድልዎን ሥርዓት ከ1960ዎቹ ብዙ ቀደም ብሎ በጣለው ነበር።

ይህም ሆኖ ሌላው ማስረጃ መደመጥ አለበት። ነሐሴ 31 ቀን 1962 በሚሲሲፒ 18 ጥቁሮች ለመራጭነት ለመመዝገብ በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ኢንዲያኖላ ሄዱ። ሲመለሱ ፖሊስ አውቶቡሱን አስቆመ፤ ምክንያቱም ቢጫነቱ ከመጠን አልፎ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይመስላል የሚል ነበር! ተሳፋሪዎቹ የፖሊሱን ፌዝ አልሳቁበትም፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚከተል ያውቃሉና። በዚያ ፍርሃት መካከል ፋኒ ሉ ሄመር የተባለች የ44 ዓመት የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን መዝሙሮች ማውረድ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። በዚያው ዕለት 18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ተባረረች፤ ከትግሉ ግን አልወጣችም።

ነገሩ በጥሞና ቢመረመር የሚያስደንቀው የመዝሙሩ ቃል አይደለም። ፍርሃት ሰውን ይነጣጥላል። በአንድ አውቶቡስ የተቀመጡ 18 ሰዎች በፍርሃት ጊዜ 18 ብቸኞች ናቸው፤ አንዱ ልጁን፣ አንዱ ዕዳውን፣ አንዱ ቤቱን ያስባል። የፈራ ሰው ትንፋሹ ያጥራል። ዜማ ደግሞ ያለ ረጅም ትንፋሽ አይሆንም፤ አብሮ መዘመርም አብሮ መተንፈስ ነው። አውራጅዋ ስትጀምር ተቀባዩ የሚጠብቀው ቦታ አለው፤ ያን ቦታ ባይሞላው ዜማው ጎዶሎ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ዜማው ራሱ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ይጠራዋል። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ልብስ አጣቢ ሆና አንገቷን የደፋች ሴት እሑድ አውራጅ ናት፤ ጉባኤ ፊት ቆማ ድምፅዋን ከፍ ማድረግን፣ ሌላው እንዲመልስላት መጠበቅን፣ የደከመውን ማንሣትን ትለማመዳለች። ቃሉ ስለ ሰማይ ሲናገር ልምምዱ በምድር ላይ ይካሄዳል።

በ1961 በጆርጂያ አልባኒ ከተማ የተነሣውን እንቅስቃሴ ካወረዱት ድምፆች አንዷ፣ የሰባኪ ልጅና የኮሌጅ ተማሪ የነበረችው በርኒስ ጆንሰን ሬገን፣ ከመጀመሪያው ሰልፍ በኋላ የቆየ መዝሙር እንድታወርድ ስትጠየቅ «መከራ» የሚለው ቃል በነበረበት ቦታ «ነጻነት» የሚለውን ማስገባትዋን ኋላ ተናግራለች። አንድ ቃል ተለወጠ፤ ሌላው ሁሉ፣ ስልቱ፣ ጭብጨባው፣ አቀባበሉ፣ እንዳለ ቆየ። ከዚህች ሴት የተገኘ ሌላም ቁም ነገር አለ። «እናሸንፋለን» የሚለው የታወቀ መዝሙር በ1945 እና 1946 በቻርልስተን አድማ የመቱት፣ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች የሆኑት፣ የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኞች በብዙ ቁጥር አድርገው የዘመሩት ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ሥሩ «አሸንፋለሁ» ባይ ነበር። ለብዙ ታዛቢዎች ከ«እኔ» ወደ «እኛ» መሸጋገሩ የዕድገት ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለው ትርጓሜ በተለይ በስብሰባ አዳራሽ ጆሮ ይጥማል። ሬገን ግን በጥቁሩ ማኅበረሰብ «እኔ» የሚለው መዝሙር የጉባኤው ነው፤ እያንዳንዱ «እኔ አለሁ» ሲል ጉባኤው ይቆማል፤ «እኛ» በሚለው ውስጥ ግን ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አይታወቅም የሚል ሐሳብ ነበራት። በ«እኛ» ስም የተነገረው ሁሉ የማን እንደ ነበረ ለማጣራት ለሚሻ ሰው ይህ የዋዛ ትችት አይደለም።

የዶርሲ መዝሙርም ፍርዱን ያገኘው በአደባባይ ነው። ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በሜምፊስ የቆሻሻ ማንሻ ሠራተኞችን አድማ ሊደግፍ ሄዶ ባረፈበት ሆቴል በረንዳ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ቤን ብራንች የተባለውን ሙዚቀኛ በዚያ ምሽት ስብሰባ ያንኑ መዝሙር እንዲጫወትለት አደራ አለው። ጥይቱ የመጣው ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ነው። በቀብሩ ላይ ማሄሊያ ጃክሰን ዘመረችው። ኪንግ መዝሙሩን የወደደው ትግሉን ሊረሳበት አልነበረም፤ ከፊቱ የሚጠብቀው ሰልፍ ነበረና። የደከመ ሰው ደክሞኛል ማለት ካልተፈቀደለት ወይ ይዋሻል ወይ ይሰበራል። ያ ወቀሳ ጻፊ ቤንጃሚን ሜይስ የዚሁ ኪንግ መምህርና አማካሪ ነበር፤ በቀብሩም ዕለት የስንብት ንግግር ያደረገው እርሱ ነው።

ይህን ሁሉ ሲሰማ ዜማው ነጻ ወጣ ብሎ ፋይሉን ለመዝጋት የሚቸኩል አንባቢ ቢኖር ኦሊቬት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን ማስታወስ አለበት። በቺካጎ የሚገኘው የዚህ አጥቢያ መሪና የብሔራዊው የባፕቲስት ጉባኤ ፕሬዚደንት የነበረው ጆሴፍ ጃክሰን የኪንግን ሕግ የመጣስ ትግል አጥብቆ ተቃወመ፤ በዚህም የተነሣ ጉባኤው በ1961 ተከፈለ። ኋላ የአጥቢያው ጎዳና በኪንግ ስም ሲሰየም ሰውየው የቤተ ክርስቲያኑን አድራሻ በሌላው ጎዳና በኩል አዞረው። በዚህ ግድግዳ ውስጥም በአልባኒም የሚዘመረው የአንድ ሕዝብ መዝሙር ነበር፤ ጭብጨባውም አቀባበሉም ያው። እንግዲህ ዜማው ሰውን ያዘጋጃል እንጂ ለምን እንደሚዘጋጅ አይነግረውም። ያን የሚነግረው ሌላ ነው፤ በሩን የሚከፍት ሰው፣ የሚያስቸኩል ቀን፣ አንዳንዴም ቢጫ አውቶቡስ የሚያስቆም ፖሊስ።

በዚህ ላይ ገበያ መጣ። የማሄሊያ ጃክሰን ሸክላ በ1948 መጀመሪያ ገበያ ላይ ሲውል ያላሰበችውን ያህል ተሸጠ፤ በ1950 በካርኔጊ አዳራሽ ዘመረች። ብሉዝ እንድትዘፍን ቢለምኗትም እንቢ ብላ ኖረች። ሌሎቹ እንደ እርሷ አላደረጉም። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1938 ጊታርዋን ይዛ ወደ ምሽት ክበብ ገባች፤ ኋላ ሮክ የተባለው ሙዚቃ ብዙ ጠባዩን ከእርሷ ወረሰ። ሬይ ቻርልስ በ1954 አንድ የጎስፔል ዜማ ወስዶ በጌታ ቦታ ሴት አስቀመጠበት። ሳም ኩክ በ1957 የመዝሙር ጓዱን ትቶ ወደ ዓለማዊ ዘፈን ሄደ። ምእመናን ይህን ድፍረት ብለው ኮነኑት፤ ሆኖም ዶርሲ ከብሉዝ ወደ መዝሙር ያመጣውን እነ ቻርልስ ከመዝሙር ወደ ብሉዝ ቢመልሱት፣ ብድር ተከፈለ እንጂ ምን ተሰረቀ? በዚህ ጉዳይ ክስ ካለ መቅረብ ያለበት በሌላ ነጥብ ነው። በጉባኤ ያለ ሰው መቀበል ግዴታው ነው፤ ሸክላ የገዛ ሰው ግን ዋጋውን ከፍሏልና ከእርሱ ሌላ አይጠበቅም። ተቀምጦ ይሰማል። ማዘናጋት የሚባለው ነገር ከሰማያዊው ቃል ይልቅ በዚህ በተቀመጠ አድማጭ በኩል ሾልኮ ሊገባ ይችላል።

ለዚህ ማነጻጸሪያ የሚሆን ዕለት ነሐሴ 28 ቀን 1963 ነው። 250,000 ያህል ሰው በዋሽንግተን በተሰለፈበት በዚያ ቀን ማሄሊያ ከኪንግ በፊት ዘመረች። ኪንግ የተጻፈ ንግግሩን ሲያነብ ከኋላው ሆና ስለ ሕልሙ እንዲነግራቸው መጮኋን በአካባቢው የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። ኪንግም ወረቀቱን ተወ። በዓለም የታወቀው የንግግሩ ክፍል የተገኘው እንዲህ ነው፤ ተናጋሪው አወረደ፣ ዘማሪዋ ተቀበለች፣ እርሱም መልሶ ከእርሷ ተቀበለ።

የባለቤትነቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። «እናሸንፋለን» በ1960 የደራሲነት መብቱ በነጭ ሙዚቀኞችና የመዝሙር አስተማሪዎች ስም ተመዘገበ። ገቢው ለጥቁሮች ትግልና ባህል ማገዣ እንዲውል በመደረጉ መዝጋቢዎቹን በስግብግብነት መክሰስ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ከተመዘገቡት መካከል በቻርልስተን አድማ ላይ ዝግ አድርጋ ታወርደው የነበረችው የትምባሆ ሠራተኛ ሉሲል ሲመንስ አልነበረችም። መዝሙሩ ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ የሁሉም ንብረት የሆነው በ2018 ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የቃልን ዳኝነት የሚያፈርሰው ግን «አስደናቂ ጸጋ» የተባለው መዝሙር ታሪክ ነው። ግጥሙን የጻፈው እንግሊዛዊው ጆን ኒውተን የባሪያ መርከብ አዛዥ ነበር። በ1748 በማዕበል ውስጥ ሆኖ ወደ እግዚአብሔር ተመለስሁ ካለ በኋላ እንኳ እስከ 1754 ድረስ በዚያው ንግድ ቆይቷል። የባሪያን ንግድ በአደባባይ ያወገዘው በ1788 ነው፤ መዝሙሩ በ1779 ከታተመ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ይህን መዝሙር ከአሜሪካ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መንጠቅ የሚችል ሰው ዛሬ የለም። ሰንሰለቱን የያዘው እጅ የጻፈውን፣ ሰንሰለቱን የተሸከሙት ሰዎች ልጆች በራሳቸው ስልት አርዝመውና አዙረው የራሳቸው አድርገውታል።

በጥር 1972 የሰባኪ ልጅ የሆነችው አሬታ ፍራንክሊን፣ በዓለማዊ ዘፈን ስሟ ከገነነ በኋላ፣ በሎስ አንጀለስ ወደሚገኝ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ገብታ ከጄምስ ክሊቭላንድና ከመዘምራኑ ጋር ሁለት ሌሊት ዘመረች። «አስደናቂ ጸጋ» የሸክላው ስም ሆነ። የተቀረጸው ፊልም ለሕዝብ የታየው እርሷ በ2018 ካረፈች በኋላ ነው። በፊልሙ ላይ አንዲቷን ቃል ስታራዝማት ምእመናኑ መጨረሻዋን አይጠብቁም፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ይመልሱላታል፣ ያበረቷታል፣ መዘምራኑም ያለቅሳሉ። በሁለተኛው ሌሊት ከኋላ በኩል፣ በጥቁሮች ሙዚቃ ስምና ሀብት ያገኙ ሁለት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ሊሰሙ መጥተው ከጉባኤው መካከል ይታያሉ።